የቀሪው ቁጥር ንባብ፦ ዐውደ ነገሥት፣ ዪ ጂንግና የደረስጌ ዘውድ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በአምባራስና በጨነቅ አድርጎ ቧሂትን የሚሻገረው መንገድ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ ደረስጌ ማርያም አገር ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሊነግሡባት አስበው እንደነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ውቤ ደረስጌ ላይ ድል ሆኑ፤ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተው ያነገሡት የቋራውን ካሣን ሆነ። ካሣ በዚያ ቀን ስማቸውን ለውጠው ቴዎድሮስ ተባሉ። ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የንግርት መጽሐፍ ይናገራል፤ ሕዝቡም ይህን ንግርት ይዞ ሲጠብቅ ኖሯል።

የስሙን ለውጥ የፖለቲካ ብልኀት ብቻ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይህ ንባብ ያንሳል ባይ ነኝ። ካሣ ባደጉበት አገር ስም ማለት ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ዛሬ ድረስ አልተረሳም። በዳባትም ሆነ በደባርቅ ትዳር ሲፈርስ «ድሮውንስ ኮከባቸው መቼ ገጠመና!» የሚል ሰው አይጠፋም።

ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጉዳዩን ሳይሆን ስሙን ነው፤ ቀጥሎ የእናቱን ስም። የኮከብ መቁጠሪያው መጽሐፍ በሆነው በዐውደ ነገሥት ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ኮከብ ቆጣሪው ደብተራ የሁለቱን ስሞች ፊደላት ቆጥሮ ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያለ ይጥላል። አንድ ቢቀር ኮከቡ ሐመል ነው፣ ሁለት ቢቀር ሰውር፣ ሦስት ቢቀር ገውዝ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሑት ይደርሳል። የኮከቦቹ ስሞች ዐረብኛ ናቸው፦ ሐመል በግ፣ ሰውር በሬ፣ ሑት ዓሣ። መጽሐፉ በግእዝ ፊደል ቢጻፍም ዕውቀቱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ አገር ጥበብ ጋር ማነጻጸሩ ከባሕርዩ አያርቀውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ሺህ ዓመት የዡ ሥርወ መንግሥት ሰዎች የሠሩበት ዪ ጂንግ፣ ማለትም የለውጥ መጽሐፍ፣ 64 ምስሎች አሉት። እያንዳንዱ ምስል ሙሉ ወይም መሐሉ የተቆረጠ ስድስት መስመር ነው። ጠያቂው 50 የደረቁ የሣር አገዳዎች ይዞ አንዱን ለብቻው ያስቀምጣል፤ 49ኙን እጁ እንደመራው በሁለት ይከፍላል። ከቀኙ ክምር አንዷን አንሥቶ በግራ እጁ ጣቶች መካከል ይሰካል። ከዚያ ሁለቱንም ክምር አራት አራት እያለ ይቆጥራል፤ የተረፈውን ወደ ጎን ያደርጋል። ይህን ሦስት ጊዜ ሲደግም አንድ መስመር ይገኛል፤ ሙሉው ምስል እስኪወጣ 18 ጊዜ ይከፍላል።

ደብተራውም ቻይናዊውም፣ አንዱ በ12 አንዱ በ4፣ የሚያዳምጡት ቀሪውን ነው። ልዩነታቸው ቀሪው ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርትም ይኸው ነው። የእኛው ቀሪ የሚወጣው ከስም ነው፤ ዛሬ ቢጠየቅ ከዓመት በኋላም ቢጠየቅ ያው ነው። የቻይናው የሚወጣው በዚያች ሰዓት እጅ ከከፈለው ክምር ነው። የመጀመሪያው «አንተ ማነህ?» ይላል፤ ሁለተኛው «አሁን ምን ላይ ነህ?»። በዪ ጂንግ ምስሉ ራሱ አይጸናም፤ ለለውጥ የበሰለው መስመር ተገልብጦ፣ ሙሉው ተቆርጦ ወይም የተቆረጠው ሙሉ ሆኖ፣ ሌላ ምስል ይወልዳል። በስም ሒሳብ ግን ዕጣውን ለመለወጥ ያለው መንገድ ስምን መለወጥ ነው። የክርስትና ስማቸውን ከማያምኑት ሰው የሚሸሽጉ ወገኖቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ በእናታቸው ይሰድቧቸው የነበሩት ካሣም የሚያውቁት ይመስለኛል።

ቻይናውያን ንግርትን ለገዥ የሰጡት ያለ ገደብ አይደለም። ዙዎ ጁዋን የተባለው የታሪክ መጽሐፍ እንደሚተርከው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 በሉ ግዛት ናን ኳይ የተባለ ሹም በጌታው ላይ ለማመፅ ሲያስብ ዪ ጂንግን ጠየቀ፤ እጅግ መልካም የሚባል ምስልም ወጣለት። ደስ ብሎት ላንድ ዐዋቂ ቢያሳየው ዐዋቂው በምክሩ አቀዘቀዘው፦ ይህ ምስል የሚሠራው ለታማኝ ሥራ ነው፤ ለክፉ አሳብ ዪ ጂንግ አይጠየቅም። ናን ኳይ አመፀ፤ አልሆነለትም። ከዚያ በፊት የሞተችው የሉዋ እመቤት ሙ ጂያንግ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። በሤራ ተይዛ ስትታሰር ንግርት ተመልካቹ በቶሎ እንደምትወጣ ነገራት። እሷ ግን ምስሉ የሚጠይቃቸውን በጎ ምግባሮች አንድ በአንድ ቆጥራ «እኔ ዘንድ የሉም» በሚል መንፈስ ትርጓሜውን መለሰችው። እዚያው ሞተች። መልካም ቃል ለራስ ሲመጣ «አይገባኝም» ማለት የሚችል ገዥ በየትኛውም አገር ብርቅ ነው።

ከእነዚህም በፊት በቻይና የነገሡት የሻንግ ነገሥታት የበሬ ትከሻ አጥንትና የኤሊ ቅርፊት በእሳት እየነኩ ስንጥቁን ያነብቡ ነበር፤ እኛም የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግቶ የሚያነብብ ሞራ ገላጭ አለን። የእነሱ የሚለየው ውጤቱን መጻፋቸው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ ንጉሥ ዉ ዲንግ ስለ ሚስቱ ፉ ሃዎ መውለድ ጠይቆ መልካሞቹን ቀኖች ተነበየ። ከ31 ቀን በኋላ ግን እሱ ባላለው ቀን ወለደች። ልጅቷ ሴት በመሆኗ እንደ ክፉ ዕጣ መቆጠሯ የዘመኑ ፍርድ ነው፤ የንጉሡ ንባብ ከውጤቱ ጋር ጎን ለጎን በዚያው ቅርፊት ላይ መቀረጹ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ደረስጌ ስንመለስ፣ ፍካሬ ኢየሱስ የሚነግሠውን ስም ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ በዘመኑ ሰላምና ጽድቅ እንደሚሆንም ይናገራል። ይህ እንደ ናን ኳይ ምስል ቅድመ ሁኔታ ያለው ቃል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ስሙን በሙሉ ልባቸው ተቀበሉ፤ አንድ አገር የማድረግ ሕልማቸውም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ንግርቱ ስም ሆኖ ከሰውነታቸው ጋር ከተዋሐደ በኋላ እንደ ገና የሚጠየቅበት ሰዓት አልቀረለትም። አገዳው አንድ ጊዜ ተከፈለ፤ ምስሉም በዚያው ጸና። «ቃሉ ይህን ምግባር ይጠይቃል» ብሎ ለንጉሡ ሊናገር የሚችል ሥልጣን የነበረው በደረስጌ የቀባቸው ጳጳስ ነበር። አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ ታስረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞቱ፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ እዚያው አምባ ላይ።