የድራይቨር ሰነድ እርማት፦ ብርቱውን ከይስሙላው መለያ

በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ደሴ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ኮምፒውተር የሚያጠና ልጅ «የኔትወርክ ድራይቨር ልጻፍ» ብሎ ቢነሳ፣ ከዚህ በፊት ድራይቨር የጻፈ ሰው በአቅራቢያው ላያገኝ ይችላል። ያኔ መምህሩ ሰነዱ ነው። ደግነቱ የሊኑክስ ከርነል ሰነድ ከኮዱ ጋር አብሮ ስለሚወርድ ኢንተርኔት በጠፋ ቀንም ይነበባል። ክፋቱ ደግሞ ሰነዱ ሲሳሳት አጠገቡ ሆኖ «ኧረ እሱ ቀርቷል» የሚለው የለም። ልጁ ስህተቱን እንዳለ ወደ ኮዱ ያሻግረዋል።

ስለዚህ ይህን ሰነድ ማረም ቀላል ሥራ አይደለም፤ የነካካው ሁሉ ግን አረመ አይባልም። የሚመዘነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አራሚው የተነሳው ከኮዱ ነው ወይስ ከዓረፍተ ነገሩ?

ሎኩን ከየት አመጣው?

ድራይቨር ጸሐፊ ሰነዱን የሚከፍተው በዋናነት ለሁለት ነገር ነው። ከርነሉ የእኔን ተግባር ሲጠራ የትኛውን ሎክ ይዞ ነው? እዚያ ውስጥ ሆኜ መተኛት፣ ማለትም ሲፒዩውን ለቅቄ መልስ መጠበቅ፣ ይፈቀድልኛል? ስለ ኔትወርክ መሣሪያዎች የተጻፈው የከርነሉ ገጽ ለየተግባሩ እነዚህን መልሶች ለየብቻ ያስቀምጣል።

ሎክ ግን ይቀየራል። ለረጅም ዘመን ያገለገለው «ዴቭ ቤዝ ሎክ» በከርነል ገንቢው በኤሪክ ዱማዜ ፓቾች ተወግዶ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ሊኑክስ 6.9 ጀምሮ የለም። ኮዱን ያላየ አራሚ የዚህን ሎክ ስም ፊደሉን አስተካክሎ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳምሮ ሊሄድ ይችላል። ንባቡ ይሰምራል፤ ሎኩ ግን የለም። ብርቱ አራሚ ተግባሩን የሚጠራውን የከርነል ኮድ ፈልጎ ያገኝና መልሱን ከዚያ ይቀዳል።

የካርዱን የፓኬት ቁጥሮች የሚመልሰውን የስታቲስቲክስ ተግባር እንይ። ከርነሉ ይህን ተግባር አርሲዩ በተባለው የማመሳሰያ ዘዴ ጥበቃ ሥር ሊጠራው ስለሚችል ውስጡ መተኛት ክልክል ነው። በዩኤስቢ ለሚሰካ ካርድ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ግን ቁጥሩን ካርዱን ጠይቆ መልሱን መጠበቅ ያምረዋል። ክልከላዋ ከሰነዱ ከጎደለች ድራይቨሩ በሙከራ ቀን ሠርቶ ሥራ በበዛበት ቀን ማሽኑን ሊያንጠለጥል ይችላል። ይህችን አንዲት ሐረግ የጨመረ አራሚ ገጹን በሙሉ አሳምሮ ከጻፈው ይበልጣል።

ግዴታው ከነምክንያቱ

ፓኬት ወደ ካርዱ የሚልከው ተግባር «ኤንዲኦ ስታርት ኤክስሚት» ይባላል። ከሚመልሳቸው መልሶች አንዱ «ቢዚ» ነው። ሰነድ ስለዚህ መልስ «አሁን መላክ አልተቻለም፤ ቆይተህ ሞክር» ብሎ ቢያበቃ ውሸት አልተናገረም፤ ግን አሳስቷል። አንባቢው ወረፋው በሞላ ቁጥር ቢዚ ማለት ደህና መንገድ ይመስለዋል።

የተሟላው ማብራሪያ ሁለት ነገር ያክላል። አንደኛ፣ ቢዚ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨሩ የወረፋ አያያዝ መበላሸቱን ያሳያል። ደሴ መናኸሪያ የኮምቦልቻው ሚኒባስ ሲሞላ ተራ አስከባሪው ቀጣዩን ተሳፋሪ ደጅ ላይ ያቆመዋል እንጂ አስገብቶ አያስወርደውም። ድራይቨርም ቦታ ሊያልቅ ሲል ወረፋውን ማቆም፣ ሲለቀቅ መልሶ መክፈት አለበት። ሁለተኛ፣ ቢዚ ያለ ድራይቨር ያንን ፓኬት ካርዱ ፓኬት የሚያነሳበት ዲኤምኤ ቀለበት ውስጥ ማስገባት የለበትም። ቢዚ ከተባለ ፓኬቱ የከርነሉ እንደሆነ ይቆያል፤ ከርነሉም መልሶ ለመላክ ይሞክራል። ድራይቨሩ ቀለበቱ ውስጥ ከትቶት ከነበረ አንዱ ፓኬት ሁለት ባለቤት አገኘ ማለት ነው። ካርዱ ልኮ ሲጨርስ ድራይቨሩ ሜሞሪውን ይለቃል፤ ከርነሉ ደግሞ የተለቀቀውን ሜሞሪ ይነካል።

እንግዲህ ጥሩ እርማት ምክርን ከግዴታ ይለያል፤ ግዴታውን ማን እንደሚወጣ ይናገራል፤ ሲቻል ምክንያቱን ያስከትላል። ምክንያቱ የገባው ጸሐፊ ሰነዱ ላይ ያልተጻፈ ጉዳይ ሲገጥመውም አይወድቅም።

ቁጥሩ ምንን ይጨምራል?

የኢተርኔት ኤምቲዩ፣ ማለትም አንድ ፓኬት የሚይዘው ትልቁ የዳታ መጠን፣ 1500 ባይት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህ ቁጥር ግን የኢተርኔቱን ራስጌ አይጨምርም። ሁለቱ አድራሻዎች 6፣ 6 ባይት፣ የፕሮቶኮሉ ዓይነት 2 ባይት ሲሆኑ፣ ድራይቨሩ የሚቀበለው ፓኬት እስከ 1514 ባይት ይደርሳል። የቪላን ታግ ካለ ሌላ 4 ባይት ይታከላል። ሰነዱ 1500 ብቻ ብሎ ካለፈ ጀማሪው ባፈሩን በዚያው ልክ ይሰፋዋል። ፒንግ ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ይቆማል፤ ጀማሪውም ጥፋቱን ኬብሉ ላይ ሲፈልግ ይውላል። አራሚው ቁጥሩ ምንን እንደሚያካትትና ምንን እንደሚተው ከጻፈ ሥራውን ያውቃል።

ከፓቹ ጋር የሚላከው ቃል

እርማቱ ጥሩ ሆኖ መልእክቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። «ሰነድ ተስተካከለ» የሚል መልእክት ለገምጋሚው ምንም አይነግርም። ጥሩ መልእክት ሰነዱ ምን ይል እንደነበር፣ ኮዱ ምን እንደሚያደርግና ሁለቱ መቼ እንደተለያዩ ይናገራል። ስህተቱን ያመጣው ኮሚት ከታወቀ ደግሞ «ፊክስስ» በሚለው መስመር ላይ በመለያው የመጀመሪያዎቹ 12 ቁምፊዎች ይጠቀሳል።

አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ይሥራ። ከከርነሉ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ያኩብ ኪቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ2023 የድራይቨሮችን ገጽ ሲያድስ፣ ዝርዝሩን ወደ ንዑስ ርዕሶች የቀየረበትን ፓች ክፍሎችን ካዘዋወረበት ለይቶ ነው የላከው። ቅርጽና ይዘት ባንድ ላይ ከተቀየሩ የተለወጠችውን ቃል በተዘዋወረው ጽሑፍ መሀል ማንም አያያትም።

የይስሙላ ምልክቶች

የከርነሉ የሰነድ መሣሪያ ያልተገለጸ ፓራሜትር ሲያገኝ ያስጠነቅቃል። መግለጫው እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። ስለዚህ ስሙን መልሶ በመድገም ብቻ፣ «ዴቭ፦ ዴቩ» ብሎ፣ ማስጠንቀቂያውን ዝም የሚያሰኝ ፓች ይላካል። ይህ ካለመጻፍ ይብሳል፤ መግለጫው መጉደሉን የሚያሳየውን ምልክት አጥፍቷልና።

ሆሄ ማረም ግን ነውር የለበትም። የኔትወርክ ክፍሉ ከሌላ ሥራ ጋር ያልተያያዘ ተራ የኮድ ማጽዳትን ባያበረታታም የሆሄና የሰዋስው እርማትን አይከለክልም። ጥፋት የሚሆነው ሆሄ ያረመ ሰው «ሰነዱን አሻሻልኩ» ሲል ነው።

ለደሴና ለኮምቦልቻ መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለመመረቂያ ሥራ ሌላ የተማሪ ማኔጅመንት ሲስተም ከማሠራት፣ አንድ የሰነድ ገጽ ከኮዱ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ በሏቸው። ኮዱ በነፃ ይወርዳል፣ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። ተማሪዎችም ፓቹን ከላካችሁ በኋላ አስተያየት ቢመጣ የታረመውን ለመላክ ቢያንስ 24 ሰዓት ታገሡ፤ የክፍሉ ደንብ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ኮዱን ክፈቱ። ከኮዱ ጋር ያልተመሳከረ እርማት አትላኩ፤ ቢላክላችሁም አትቀበሉ።