ሁለት መምህራንን አንድ ያደረገ ፊልም፦ ስለ «ስፔር ፓርትስ»

በናይሮቢ ከተማ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሠፈር፣ በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ አካባቢ፣ የአገራችንን ሰዎች ምግብ ቤቶች ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ከእነዚሁ የአንዱ የጓሮ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ይለቀቅልናል። እዚያ የምንሰበስባቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኢትዮጵያውያን ልጆች ሲሆኑ፣ ሂሳብና ፊዚክስ እናስጠናቸዋለን፤ ከጥቂት ወራት ወዲህም አንዲት ትንሽ ሮቦት አብረናቸው ስንሠራ ቆይተናል። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ጥናቱን ትተን ፊልም አሳየናቸው። ፊልሙ «ስፔር ፓርትስ» ይባላል፤ «መለዋወጫ ዕቃዎች» እንደ ማለት ነው። ሾን ማክናማራ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ የቀረበ የአሜሪካ ፊልም ነው። አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ በየትምህርት ቤቱ ክበብ የሚያቋቁሙ መምህራን ሊያዩት የሚገባ፣ ሲያዩትም እየጠረጠሩ ሊያዩት የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው ይህን ሂስ ልንጽፍ ተነሣን።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ በምትባለው ከተማ ካርል ሄይደን የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የነበሩ አራት ወጣቶች፣ ኦስካር ቫስኬዝ፣ ክርስቲያን አርሴጋ፣ ሎሬንዞ ሳንቲላንና ሉዊስ አራንዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ በተደረገ የባሕር ሰርጓጅ ሮቦቶች ውድድር ተካፈሉ። አራቱም ከሜክሲኮ የመጡ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው የድኻ ልጆች ነበሩ። ሮቦታቸውን ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ገጣጠሙት፤ የማጣበቂያው ጠረን አፍንጫ ስለሚሰነፍጥም «ስቲንኪ»፣ ማለትም «ግማታም» ብለው ሰየሙት። የወጣበት ገንዘብ 800 ዶላር ያህል ነበር። የተመዘገቡት ግን ከእኩዮቻቸው ጋር ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ነው፤ ከተፎካካሪዎቻቸው አንዱ ኤም.አይ.ቲ. በሚል አጭር ስም የገነነው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። አሸነፉት። ጋዜጠኛው ጆሽዋ ዴቪስ ነገሩን በማግሥቱ ዓመት በአንድ መጽሔት ላይ ጻፈው፤ የፊልሙም መነሻ ይኸው ጽሑፍ ነው።

ፊልሙን የምናመሰግንበት ብዙ ነገር አለ። ልጆቹን ቅዱሳን አላደረጋቸውም። እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲታዩ ጎደሎ ናቸው፤ ክርስቲያን ዕውቀቱ ሰፊ ነው፣ ከሰው ጋር መኖር ግን ይቸግረዋል፤ ሎሬንዞ እጁ ሥራ ያውቃል፣ ጠባዩ ግን ግልፍተኛ ነው፤ ሉዊስ ግዙፍና ዝምተኛ ነው፤ ኦስካር በትምህርት ቤቱ ወታደራዊ ሥልጠና ያደገ የሥርዓት ሰው ነው። የአንዱን ጉድለት የሌላው ሙላት ሲሸፍነው ማየት ለተመልካች ደስ ያሰኛል።

ከሁሉም ይልቅ ልጆቻችንን ያሳቃቸው የውኃው ጉዳይ ነው። ከውድድሩ በፊት ሮቦቱ ሲሞከር ውኃ አስገባ። ውኃ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ክፍል ያቃጥላል። ስለዚህ በትንሽ ቦታ ብዙ እርጥበት የሚመጥ ነገር ተፈለገ፤ የተገኘውም መፍትሔ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚጠቀሙበት የጥጥ ጥቅል ነበር። በእውነተኛው ታሪክ ወደ ሱቅ የተላከው ሎሬንዞ ነው። ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ የትኛው እንደሚሻል ግራ ገባው፤ በመጨረሻም አንዲት የማያውቃትን ሴት ጠየቀ። ከቧንቧ ገጠማው ሁሉ ይህችን ጥያቄ እናስበልጣለን፤ በሠፈሩ ጉልበተኛ መስሎ ለመታየት የሚጥር ጎረምሳ ለጓደኞቹ ሥራ ሲል ዕፍረቱን የዋጠባት ናትና። ወንዶቹ ሲስቁ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪያችን፣ «እኔ በቡድኑ ውስጥ ብኖር ሁለት ደቂቃም አይፈጅም ነበር» አለች። ሣቁ ቆመ። ልክ ናት። በፊልሙ ውስጥ ለወጣት ሴት የተሰጠው ቦታ የኦስካር ፍቅረኛነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን እንግባ። የፊልሙ መምህር ፍሬዲ ካሜሮን ይባላል፤ ጆርጅ ሎፔዝ ተጫውቶታል። ትምህርት ቤቱን ገና የረገጠ፣ በጊዜያዊነት የተቀጠረ መሐንዲስ ነው፤ የራሱ ኀዘን አለው፤ ልጆቹን እያዳነ ራሱም ይድናል። እንዲህ ያለ ሰው ግን በካርል ሄይደን አልነበረም። የነበሩት ሁለት መምህራን ናቸው፦ ፍሬዲ ላጅቫርዲና አለን ካሜሮን። ከአንዱ ስም፣ ከሌላው የአባት ስም ተወስዶ አንድ ጀግና ተሰፋ! ሁለቱ ግን በትምህርት ቤቱ ለዓመታት ያስተማሩ፣ አንዱ የባሕር ሳይንስ፣ ሌላው የኮምፒዩተር ሰው የነበሩ ባልደረቦች ናቸው። ማስታወቂያ ለጥፈው ልጆቹን የሰበሰቡትም፣ «ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተወዳድሮ መሸነፍ አያሳፍርም» ብለው ከፍተኛውን ምድብ የመረጡትም ተመካክረው ነው።

ይህ የፊልም ሠሪዎች መብት ነው የሚለን አይጠፋም። ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ የተለመደ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን የታሪኩ ጭብጥ ኅብረት ሆኖ ሳለ፣ ከዐዋቂዎቹ መካከል ኅብረትን አጥፍቶ ስለ ልጆቹ ኅብረት መስበክ እንዴት ይሆናል? ተማሪ የመምህሩን ቃል ብቻ ሳይሆን መምህሩ ከባልደረባው ጋር እንዴት እንደሚሠራም ያያል። ካሜራው በሎፔዝ ፊት ላይ በቆየ ቁጥር አራቱ ልጆች የእርሱ ፈውስ መሣሪያ ሆነው ይቀራሉ።

በዚህ ረገድ ድንጋይ ወርዋሪ ብቻ ሆነን እንዳንገኝ የራሳችንንም እንናገር። በሁርሊንግሃም የሠራናት ሮቦት ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ፣ ባለሁለት ሞተር ተሽከርካሪ ናት። ከሆዷ ሥር ጥቁሩን ከነጩ የሚለዩ ሁለት የብርሃን ዐይኖች አሏት። ስትሞከር ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትስት ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ጥፋቱን በሞተሩ አላከከ፤ ሞተሩን የገጠመችው ልጅ በፕሮግራሙ። ክርክሩ ወደ ስድብ ሲያመራ እኛ ካቻቢቴውን ተቀበልን፣ ኮምፒዩተሩንም ወደ ራሳችን አዞርን፤ ሁለት ቁጥሮች ለውጠን በሩብ ሰዓት አስተካከልናት። ተጨበጨበልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከስድስቱ ሦስቱ ብቻ መጡ። ለካስ ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው ሁለት ሞተሮች እኩል ፍጥነት ላይኖራቸው ይችላል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ እኩል ናቸው ብሎ ተነሥቷል። ይህን ተነጋግረው ሊደርሱበት ሲሉ ነጠቅናቸው። ፍሬዲ ካሜሮንን ስናይ የተቆጣነው ምናልባት መስተዋት ሆኖብን ይሆናል።

የቋንቋ መምህራን ልብ እንዲሉት የምንሻው አንድ ነገር አለ። በውኃው ውስጥ በተሠራው ተግባር ብቻ ቢቆጠር ኖሮ የካርል ሄይደን ልጆች አንደኛ አይወጡም ነበር። ያሸነፉት የጽሑፍ ሪፖርታቸውና በዳኞች ፊት ቀርበው የሰጡት ማብራሪያ ሲደመር ነው፤ በቴክኒክ ጽሑፍም ተሸልመዋል። የፊልሙ ሙቀት ያለው ግን በገንዳው ዳር ነው። ሪፖርት ሲጻፍና ሲሰረዝ ማሳየት ለካሜራ አይመችም መሰለን።

ከዋንጫው በኋላ ያለውን ሕይወት ፊልሙ በችኮላ ያልፈዋል። ለእኛ ልጆች ዋናው ታሪክ ግን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ከመካከላቸው የስደተኛ ወረቀት የያዙ፣ እርሱንም በመጠባበቅ ላይ ያሉ አሉና መብራቱ ሲበራ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ቲቸር፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ?» የሚል ሆነ። የምናውቀውን ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሪዞና መራጮች ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች የግዛቱ ነዋሪዎች የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ክፍያ እንዳያገኙ የሚከለክል ሕግ አጸደቁ፤ ክርስቲያንም ዩኒቨርሲቲውን ተወ። ኦስካር በ2009 በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ፣ ሕጋዊ ለመሆን ሲል በፈቃዱ ወደ ሜክሲኮ ሄደ፤ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ተወሰነበት። በ2010 አንድ የምክር ቤት አባል ጣልቃ ገብተውለት ተመለሰና የተመኘውን ወታደርነት አገኘ፤ አፍጋኒስታንም ዘመተ። ሎሬንዞና ሉዊስ ወደ ምግብ ሥራ ገቡ። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። የሎሬንዞ ምግብ ምን ዓይነት እንደ ሆነ የጠየቀ አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

ፊልሙን ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ የሚያስቡ መምህራን ሜሪ ማዚዮ በ2014 ያዘጋጀችውን «አንደርወተር ድሪምስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አብረው ቢያሳዩ መልካም ነው። በዚያ እውነተኞቹ ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ፤ የኤም.አይ.ቲ. ተወዳዳሪዎችም ጭምር።

የእኛ ተሽከርካሪ ከፊልሙ በኋላ ብሎን በብሎን ተፈታ ካርቶን ውስጥ ገባች፤ ልጆቹ እንደ ገና እንዲገጥሟት ተስማማን። ከቀሩት ሦስት ልጆች ሁለቱ ተመልሰዋል። ባለፈው ቅዳሜ የግራው ጎማ ገና አልተገጠመም ነበር፤ የገጠማውን ቅደም ተከተል በደብተር የምትመዘግበውም ያቺው ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ናት።