ወርቁ ሰም፣ ውሃው ወርቅ

«ጋሼ፣ መስኮቶቹን አዩአቸው? ወርቅ እኮ ናቸው።»

«አየሁ። ይሄ ሁሉ ውሃ ግን ከየት ነው የሚመጣው?»

አጎቴ አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲደረድሩ የኖሩ ግንበኛ ናቸው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ እንግሊዝ አገር በመጡበት በጋ፣ ደርቢሽር ውስጥ ወዳለው ቻትስዎርዝ ይዣቸው ሄድኩ። የዴቮንሽር መሳፍንት የሆኑት የካቨንዲሽ ቤተሰብ ቤት ነው። በ2005 በወጣው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ፊልም የሚስተር ዳርሲ ቤት ሆኖ የታየው ይኸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጣሪያ ሳይ ውዬ አንገቴን አሞኝ ነበር የተመለስኩት። እሳቸው ግን ገና ከመኪና እንደወረዱ ጎንበስ ብለው ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ አዩ፤ ቀጥሎ ስለ ውሃው ጠየቁ። ያን ቀን ስንት ነገር አይቼ ምንም ሳላይ እንደኖርኩ ገባኝ።

ቅኔ ቤት ደጃፍ የደረሰ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ሰሙ ለጆሮ የቀረበው ነው፤ ወርቁ የተሰወረው፤ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ የሚሸከመው ህብረ ቃል ነው። ደህና ቅኔ ሰሙ ብቻውን ሙሉ ሆኖ ይቆማል። ወርቁ የፈጠጠበት ደግሞ ባለቤቱ ገና ጥሬ መሆኑን ያሳብቃል። የእንግሊዝ ባላባቶች ቤትና የአትክልት ስፍራ ስመለከት ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። ቻትስዎርዝ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ የሚያብለጨልጨው ወርቅ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ውሃው ነው።

ምዘናው የሚጀምረው ከመንገዱ ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩን ቀስ እንዲል ይንገሩት። በ1750ዎቹ መጨረሻ አራተኛው መስፍን ላንሰሎት ብራውንን ቀጠረ። ብራውን ባለርስቶችን ሁሉ «ቦታዎ ብዙ አቅም አለው» ማለት ስለሚያዘወትር «ኬፓቢሊቲ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። ቀድሞ ወደ ቤቱ የሚደረሰው በስተምሥራቅ ካለው ኮረብታ በኩል ነው። በዚህ ጊዜ መግቢያው ወደ ምዕራብ ዞረ፤ ደርወንት ወንዝ ተስተካከለ፤ ጄምስ ፔይን የተባለው አርክቴክት ባለሦስት ቅስት ድልድይ ሠራ። ድልድዩ ከቤቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም፤ ጠመም ብሎ ነው የተቀመጠው። ሲሻገሩ ቤቱ በጎኑ ይታያል፤ ጥቂት ሄድ ሲሉ ፊቱን ያዞራል። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ከሩቅ ታይቶ ያልቅ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርሱ የሚቀር ነገር የለም።

ብራውን ላይ ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያው መስፍን ያስተከለውን በገመድ የተለካ የአበባ መደብ አብዛኛውን አጥፍቶ ሣር አለበሰው። ሣሩና ኮረብታው እግዜር የፈጠረው ይመስላል፤ በሰው ትከሻ የተመላለሰ አፈር መሆኑ አይታወቅም። ሙያ ነው፣ አልክድም። የጠፋው ግን የሌላ ሰው ሙያ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ መልክዓ ምድር ህብረ ቃል ሃ-ሃ ይባላል። ሃ-ሃ ጉድባ ነው። በቤቱ በኩል ያለው ጎኑ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ሲሆን፣ በመስኩ በኩል ያለው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከሳሎን መስኮት ላይ ሆነው ሲያዩ ሣሩ ሳይቋረጥ እስከ አድማስ ይሄዳል፤ በጎቹ ከአበባው ጋር የሚግጡ ይመስላል። በበጎቹ በኩል ዞረው ሲያዩት ግን የማይዘለል ግንብ ነው። ለጌታው ነፃ ሜዳ የሆነው ለከብቱ አጥር ነው። ቻርልስ ብሪጅማን በ1720ዎቹ ስቶው በተባለው ርስት ላይ ከሠራው በኋላ በየቦታው ተዛመተ። ሃ-ሃ ባዩ ቁጥር መጀመሪያ ከቤቱ በኩል ይቁሙ። ጠርዙ ከታየዎት፣ ሣሩ እዚያ ላይ መሥመር ከሠራ፣ ወይም ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ ገመድ ከተወጠረበት ሰሙ ተላጧል ማለት ነው። ቀጥሎ በመስኩ በኩል ወርደው ግንቡን በዓይንዎ ይለኩ። አጎቴ እንዲህ ያለ ግንብ ሲያዩ በጀርባው የተጠራቀመው ውሃ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ቀዳዳው ከሌለ ግንቡ ሆድ ያወጣል።

ወደ ቤቱ እንግባ፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። ከ1687 እስከ 1707 በየፊቱ እየፈረሰ የተሠራ ቤት ነው፤ የደቡቡን ፊት የነደፈው ዊልያም ታልማን ነው። የመስኮቶቹ ወርቅ እውነተኛ የወርቅ ቅጠል መሆኑን ሰምቶ የማይገረም የለም። ነገር ግን ቀለም በዝናብና በንፋስ በየጊዜው ይላጣል፤ ወርቅ ከቀለም ይልቅ ብዙ ዓመት ይቆያል። ልታይ ልታይ ባይነት የሚመስለው ነገር ቁጠባም አለበት። የድንጋዩን ጥገና ልብ ይበሉ። በ2018 የተጠናቀቀውና ዐሥር ዓመት ያህል የፈጀው እድሳት ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል፤ ለዚያም ድንጋይ የተፈለፈለው በአቅራቢያው ካለ፣ ድሮም ለቤቱ ድንጋይ ከወጣበት ካባ ነው። አዲሱ ድንጋይ ጥቂት ቀላ ብሎ ቢታይ አይፍረዱበት፤ ዕድሜ ያጠቁረዋል። መፍረድ ያለብዎት መጋጠሚያው ላይ ነው። አሸዋ ድንጋይ በኖራ ሲያያዝ እርጥበቱ በኖራው በኩል ይወጣል። በሲሚንቶ የተያያዘ እንደሆነ ግን ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ይህን ስህተት በብዙ አሮጌ ቤቶች ላይ ያያሉ፤ መጋጠሚያው ሳይነካ ቀርቶ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል።

ከውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ልጠቁም። አንደኛው የሙዚቃው ክፍል በር ላይ የተንጠለጠለው ቫዮሊን ነው። ገርበብ ካለው በር ጀርባ ሌላ በር አለ፤ በዚያ ላይ ቫዮሊኑ ከነደጋኑ ተሰቅሏል። እጅዎን ሰደው ሊያነሱት ያምርዎታል። ሥዕል ነው፤ ያን ቫን ደር ቫርት የሚባል የሆላንድ ተወላጅ ሠዓሊ እንደሠራው ይገመታል። ከመሣሪያው ይልቅ ጥላውን ይዩ። ሠዓሊው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቦ ነው ጥላ የጣለለት። በሩን ገርበብ አድርጎ የሚያሳየውም ሰው የሙያው ተካፋይ ነው፤ ቢበረግደው ነገሩ ይበላሻል። ሁለተኛው የእንጨት ቅርጹ ነው። አበባው፣ ቅጠሉ፣ የታደነው ወፍ ከሊንደን ዛፍ እንጨት ተፈልፍሎ ግድግዳው ላይ ተንዠርግጓል። ለብዙ ጊዜ የታላቁ ጠራቢ የግሪንሊንግ ጊበንስ ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። ብዙውን የሠራው ግን ሳሙኤል ዋትሰን የሚባል የዚያው የደርቢሽር ሰው ነው። ሲመዝኑት ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ጎን ይሂዱ። ደካማ ጠራቢ ቅጠሉን ከጀርባው ጋር እንደተጣበቀ ይተወዋል። ዋትሰን ጀርባውን ፈልፍሎ አውጥቶ፣ ቅጠሉ በራሱ ጥላ ላይ እንዲያርፍ አድርጎታል።

አሁን ወደ ውሃው።

ከቤቱ በስተምሥራቅ ባለው ተዳፋት ላይ 24 እርከን ያለው የድንጋይ ፏፏቴ ይወርዳል። ግሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ የውሃ ባለሙያ በ1690ዎቹ ጀመረው፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቤት ቶማስ አርቸር በ1703 ገደማ ሠራት። ለጥገና የሚደርቅበት ጊዜ ስላለ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ከታች የሚነሳው ፎቶ ምንም አይነግርም። አጠገቡ እየወጡ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እርከኖቹ ስፋታቸውም ጠርዛቸውም እኩል አይደለም፤ ውሃው አንዱ ላይ ያጉረመርማል፣ ሌላው ላይ ይንሾካሾካል፣ ከፍ ሲሉ እንደ ጭብጨባ ይሆናል። ግሪዬ ድንጋይ ሲያስጠርብ ድምፅ እያስጠረበ ነበር። አጎቴ መጀመሪያ እርከኖቹ ውሃ ልክ እንዳልጠበቁ ጠርጥረው ነበር፤ ወጥተው ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን አነሱ። ውሃው ታች ሲደርስ መሬት ውስጥ ይጠልቃል። ጠፋ ሲሉት በቧንቧ ሄዶ ከቤቱ ደቡብ ባለው ኩሬ ላይ በባሕር ፈረስ ሐውልቶች መካከል ሽቅብ ይዘላል። ከዚያም ወደ ምዕራቡ አትክልት ይሄድና በመጨረሻ ወንዙን ይቀላቀላል። አንድ ውሃ ሦስት ጊዜ ሠርቶ ይሄዳል።

ታላቁ ፏፏቴ «ንጉሠ ነገሥት» ይባላል። ስድስተኛው መስፍን የሩሲያውን ቀዳማዊ ኒኮላስን ያውቀው ነበር፤ በ1844 ወደ እንግሊዝ ሊመጣ ይችላል ሲባል፣ የአትክልቱን ኃላፊ ጆሴፍ ፓክስተንን ንጉሠ ነገሥቱ በሩሲያ ካለው የሚበልጥ ፏፏቴ እንዲሠራ አዘዘው። ፓክስተን ከቤቱ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ሐይቅ ቆፈረ፤ ሠራተኞቹ ሌሊት በችቦ ብርሃን ሳይቀር ሠርተው በስድስት ወር ጨረሱ። ፓምፕ የለም፣ ሞተር የለም፤ የሚገፋው ቁልቁለቱ ብቻ ነው። ውሃው እስከ 90 ሜትር እንደወጣ ተመዝግቧል። ኒኮላስ እንግሊዝ መጣ፤ ቻትስዎርዝ ግን ሳይደርስ ተመለሰ። ስሙ ቀረ። በ1893 ደግሞ ያው የተራራ ውሃ ተርባይን እያዞረ ለቤቱ መብራት ማመንጨት ጀመረ።

ጎብኚው ሁሉ ፏፏቴው ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሙያውን ማየት የሚሻ ግን ከቤቱ በስተጀርባ ስታንድ ዉድ የተባለውን ጫካ ይዞ ሐይቁ ድረስ ይውጣ። የጸጥታውን ሐይቅ አይቶ ተመልሶ ታች የሚጮኸውን ሲያይ፣ በመካከሉ የተቀበረው ቧንቧ ምን ያህል ሸክም እንዳለበት ይገባዋል። ጫካው ውስጥ የፈረሰ የሮማ የውሃ ድልድይ መስሎ የተገነባ ነገር አለ፤ ከጫፉ ላይ ውሃ ይወረወራል። «ለመፍረስ ብሎ የሚገነባ አሁን ገና አየሁ» አሉ አጎቴ። እኔም በዚህ ከሳቸው ጋር ነኝ። ውሃው ግን ያምራል።

ፓክስተን በግንቦት 1826 ሥራ ሊጀምር ሲመጣ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ሌሊቱ ሳይነጋ ደርሶ፣ በር የሚከፍትለት ስላላገኘ አጥር ዘሎ ገባ፤ ግቢውን ዞሮ፣ በ12 ሰዓት ሠራተኞቹን ሥራ አስጀምሮ፣ ፏፏቴዎቹን አስከፍቶ አየ። ከቁርስ ላይ ደግሞ የቤቱን ኃላፊ የእህት ልጅ አይቶ ወደዳት፤ በዓመቱ አገባት። ከ1836 ጀምሮ የሠራው ታላቁ የመስታወት ቤት ዛሬ የለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሰልም ሰውም ጠፍቶ እጽዋቱ አለቁ፤ በ1920 ሕንፃው ፈረሰ። ቦታው ላይ ቆመው የማይታየውን ያስቡ። ከሰሉ በምድር ውስጥ መተላለፊያ እየገባ ማሞቂያዎቹን ያነድ ነበር፤ ጭሱም በመሬት ውስጥ ተስቦ ጫካ ውስጥ በተሸሸገ የጭስ ማውጫ ይወጣ ነበር። በመስታወቱ ሥር የቆመው እንግዳ የሐሩር አገር ዘንባባ ብቻ ነው የሚያየው። እዚሁ ቻትስዎርዝ ባገኘው ልምድ ነው ፓክስተን በ1851 ለንደን ላይ የተከፈተውን ክሪስታል ፓላስን የነደፈው። በ1830ዎቹ በዚሁ ግቢ በሌላ የመስታወት ቤት ያፈራ አንድ አጭር የሙዝ ተክል ደግሞ በቤተሰቡ ስም ካቨንዲሽ ተባለ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው የዚሁ ወገን ነው፤ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና የሚመጣውም ብዙው እንዲሁ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ብቻ ነው «እሱስ እውነተኛ ሥራ ነው» ያሉት።

ስለ አጥር አንድ ቃል። በ1953 የተተከለ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ የቢች ዛፍ አጥር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ያለውን የጥድ አጥር ያስታውሱ፤ አናቱ ለምልሞ እግሩ ራቁቱን የቀረውን። አናቱ ሰፍቶ ግርጌው ከጠበበ ታች ያለው ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይረግፋል። ጥሩ አትክልተኛ ግርጌውን ሰፋ፣ አናቱን ጠበብ አድርጎ ይከረክማል፤ ልዩነቱ እስከ ጉልበት ካልተጎነበሱ አይታይም።

ሲወጡ፣ ድልድዩን ተሻግረው ኤደንሶር የተባለችውን መንደር ያገኛሉ። ቤቶቿ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም፤ አንዱ የስዊስ፣ አንዱ የጣሊያን፣ አንዱ የቱዶር መልክ አለው። ሰው ቆንጆ ናት እያለ ያልፋል። መንደሯ ግን ድሮ እዚያ አልነበረችም። ወደ ወንዙ ቀረብ ብላ፣ ከቤቱ መስኮት የምትታይ ነበረች። መሳፍንቱ እይታችንን ከለለችብን ብለው ቤቶቿን አፈረሱ፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ ስድስተኛው መስፍንና ፓክስተን ከኮረብታው ጀርባ እንደገና ሠሯት። ወደ ኋላ ዞር ብለው መስኩን ካዩ አንድ ቤት ብቻ በቀድሞ ቦታው ቆሟል። ለምን እንደተረፈ የሚነገረው ብዙ ነው። ግንብ ዙሪያውን ከቦታል፤ ከግንቡ ውጭ የመስፍኑ በጎች ይግጣሉ።