ለምን ብሎ የሚጠይቅ አስጠኚ

ወላጆች በብዛት የሚደውሉልኝ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ሞዴል ፈተና ደርሷል፣ እናት እንቅልፍ አጥታለች። ጭንቀቷ ይገባኛል። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መውሰድ ሲጀምሩ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱ ደግሞ 3.2። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም ድንጋጤው ከየቤቱ አልወጣም። በስልክ የምሰማው ልመና ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ግራመሩን አደራ!»

የእንግሊዝኛ ግራመር አስጠናለሁ። ሆኖም አብዛኞቹ ልጆች ቴንስ ሲደጋግሙ ያደጉ ናቸው፤ ደንቡን ቢጠየቁ በቃላቸው ይወጡታል። የሚጥላቸው ምንባቡ ነው። የቆዩት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት የሚሠራባቸው ናቸው፤ ለአንድ ጥያቄ 1 ደቂቃ ማለት ነው፣ ምንባቡ የሚነበበውም ከዚያችው ደቂቃ ላይ ተሰርቆ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ደንቡን ሁሉ ቢያውቅም ወረቀቱን አይጨርስም። ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጉዳቱ እዚያ አያበቃም።

አንዲት ተማሪዬ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ምንባብ እየሠራች ነበር። ጥያቄው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያለው «ዜይ» (they) የሚለው ቃል እነማንን ያመለክታል የሚል ነው። «አበቦቹን» የሚለውን መረጠች፤ መልሱ «ገበሬዎቹን» ነበር። መልሱን ነግሬያት ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን «ለምን አበቦቹን አልሽ?» አልኳት። ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። ቆይታ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ወደኋላ ሄደች፤ መጀመሪያ ያገኘችው ስም አበቦቹ ስለነበር እዚያው ቆማ ነበር። «አሁን ወደፊት ሂጂና ምን እንዳደረጉ ንገሪኝ» አልኳት። አነበበች። ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለዋል። «አበባ ቀፎ አይሰቅልማ!» ብላ መልሱን ራሷ ቀየረችው። የሥራዬ ዋናው ክፍል ይኼ ነው፦ ልጁ የተሳሳተበትን መንገድ ራሱ መልሶ እንዲሄድበት ማድረግ። ጊዜ ይበላል። በአንድ ሰዓት ሁለት ገጽ ብቻ የሠራንበት ቀን አለ፤ ወላጅም ደብተሩን አይቶ ቅር ይለዋል።

አስጠኚ ማግኘት ራሱ አይከብድም። ማስታወቂያው የስልክ እንጨት ላይ ተለጥፏል፣ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል፣ አገናኝ ድርጅቱም ብዙ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ግቢ የሚመጡ ጎበዝ ተማሪዎችም አሉ። የራሱ ውጤት ከፍተኛ የሆነ ሁሉ ግን ያስጠናል ማለት አይደለም። ሳይቸገር የመለሰ ሰው ሌላው የሚጠፋበት ቦታ አይታየውም። ስለዚህ እናቶችን የምመክረው በመጀመሪያው ቀን ሳሎን ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡ ነው። የሚሰማው የማን ድምፅ ነው? እርሳሱን የያዘው ማን ነው? አስጠኚው ሰዓቱን ሙሉ ሲያስረዳ ከዋለ ልጁ ሌላ መማሪያ ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። አስጠኚው የልጁን የታረመ ወረቀት ልየው ብሎ ካልጠየቀና ከራሱ ሃንድአውት ገጽ አንድ ከጀመረ እኔ ብሆን አልቀጥረውም።

ፈተናው ምርጫ ብቻ ቢሆንም ተማሪዎቼን አጽፋቸዋለሁ። ምንባቡን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠው የተረዱትን በሦስት አራት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ ላይ በአማርኛ ቢነግሩኝም አልከለክልም። ያልገባው ልጅ እዚያ ላይ መደበቂያ የለውም።

መስከረም ላይ የሚጀምር ልጅ ለዚህ ሁሉ ጊዜ አለው። ግንቦት ላይ ለሚደውልልኝ ወላጅ ግን ግራመሩን ከመጀመሪያው እናንሳ አልልም። በየቀኑ አንድ ምንባብ፣ ሰዓት ተይዞ፤ የተሳሳተበትን ደግሞ ማታ ላይ ምክንያቱን ለቤተሰብ በቃሉ ይናገር። ጽሑፍ ካለቀበት ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣ አለ፤ ከጀርባው ጥያቄ ባይኖረውም ልጁ ራሱ አምስት ጥያቄ አውጥቶ ለጓደኛው ይስጥ።