የርቀት ትምህርት ርቀቱ የት ላይ ነው?

እስቲ ደብረ ማርቆስ የምትሠራ አንዲት ነርስ አስቡ። ናይት ዲዩቲ አድራ ጠዋት ቤቷ ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ ሞጁል ይጠብቃታል። ሁለተኛ ዲግሪዋን በርቀት እየተማረች ነው። ሥራ ለቅቃ አዲስ አበባ እንዳትሄድ ደመወዙ አለ፣ ልጆች አሉ። «የርቀት ዲግሪም ዲግሪ ነው እንዴ?» የሚላት ግን አይጠፋም።

እኔ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። የትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር እንደሚለው ዋናው ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በመምህርና በተማሪ መካከል ያለ የመግባባት ክፍተት ነው። ውይይት ሲኖር ይጠባል፣ ሲጠፋ ይሰፋል። አዳራሽ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ፣ ከመምህሯ ጋር በስልክ ከምትከራከረው ነርስ የባሰ ሩቅ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ትችቴ ምን ላይ ነው? ሞጁል ሰጥቶ፣ ወራት ቆይቶ በሚፈትን አሠራር ላይ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱን ፈትኖ እንዳሳየው፣ ተከፋፍሎ የተደጋገመ ጥናት በአንዴ ከታጨቀው ይሻላል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ አዲስ ነገር በደንብ አይዝም። ናይት ያደረችን ሰው በፈተና ዋዜማ እንድትሸመድድ የሚያስገድድ ፕሮግራም ከዚህ ሁሉ እውቀት ጋር ይጣላል። በየሳምንቱ አጭር ጥያቄ መላክ ምን ያህል ይከብዳል?

ሌላው ደግሞ የሚባክነው ሀብት ነው። ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 እ.ኤ.አ. እንደጻፈችው፣ ነርስ ከጀማሪነት ወደ ሊቅነት የምታድገው በልምድ ነው። ይህች ተማሪ ልምዱ የሚገኝበት ዋርድ ውስጥ ናት! አሳይመንቱ ግን ትርጉም ገልብጪ ይላታል። «በዚህ ሳምንት ሌሊት ላይ የታካሚዎች የደም ግፊት ሳይመዘገብ ያለፈው ስንት ጊዜ ነው? ለምን?» ቢላትስ? በእርግጥ ሁሉም ነገር በስክሪን አይሆንም፤ አዲስ የእጅ ሙያ አጠገቧ ቆሞ የሚያርማት ሰው ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ብቻ መንጠልጠልም አደጋ አለው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ዳታ ለወራት አልተመለሰም ነበር፤ የታተመ ሞጁል ያኔ ክብሩ ታወቀ።

«ታካሚውስ ምን ይጠቀማል?» ካላችሁ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣውን የሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿን ጥናት ተመልከቱ። በ9 የአውሮፓ አገሮች፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለበት፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ተጠንቀቁ፦ ጥናቱ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ አይናገርም፤ አብሮ መገኘትም ምክንያት መሆን ማለት አይደለም። ሌላው ግኝቱ ግን አይረሳ፦ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ያው ዕድል በ7 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል። ስለዚህ ነርሷን ተማሪ ብሎ ተረኛ ሳይተካላት የሚቀር ሆስፒታል፣ በትምህርቷ ያገኘውን በድካሟ ሊያጣው ይችላል።

እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ለመማር ብታስቡ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ፕሮግራሙ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና አለው? መምህሩን በየስንት ጊዜው አገኘዋለሁ? የተግባር ሥራዬን አጠገቤ ሆኖ የሚያየው ማነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፕሮግራም፣ ግቢው ከቤታችሁ ፊት ለፊት ቢሆንም ሩቅ ነው።