ስለ ፅንስ ማስወረድ የቀረበ አንድ ሙግትና የዘመድ ጥያቄ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ያረፉት አሜሪካዊት ፈላስፋ ፕሮፌሰር ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን፥ ፅንስ ማስወረድን ደግፈው በ1971 ያሳተሙት ድርሰት በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ከተነበቡትና ብዙ ከተነቀፉት አንዱ ነው። ኃይሉ ከጅምሩ ይታያል። ሌሎች ክርክሩን ሁሉ «ፅንስ ሰው ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ላይ ሲያቆሙት፥ እርሳቸው ግን ለሙግቱ ያህል «ሰው ነው» ብለው ለባላጋራቸው ይለቁለታል። የተጠየቅ ሙግት ወግ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ብልሃት እንግዳ አይሆንም፤ ባላጋራ የሚመካበትን አምኖ፥ «እንግዲህ ከዚህ ምን ይከተላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ምሳሌያቸው የታወቀ ነው። አንድ ሰው ጧት ሲነቃ ራሱን ከስመ ጥር ቫዮሊን ተጫዋች ጎን ያገኘዋል፤ የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር አፍኖ ወስዶት፥ የታመመው ሙዚቀኛ ደም በእርሱ ኩላሊት እንዲጣራ አያይዟቸዋል። ከ9 ወር በፊት ቢለያዩ ሙዚቀኛው ይሞታል። ሙዚቀኛው በሕይወት የመኖር መብት አለው፤ ነገር ግን ያ መብት በሌላ ሰው አካል መጠቀምን አይጨምርም፥ ይላሉ።

ድርሰቱን መጀመሪያ ያነበብሁት በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ነው፤ በዚያ ክፍል የተነሣው ክርክር ስለ መብት ወሰን ብቻ ነበር። ወደ አገሬ ተመልሼ ሳስተምረው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ለመሆኑ የሙዚቀኛው ዘመዶች የት ሄዱ?» የሚል ሆነ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የድርሰቱን ደካማ ጎን የነካ ነው። ሙዚቀኛው ባዕድ ነው፤ ፅንሱ ግን የእናቱ ሥጋ ነው። ጸሐፊዋ ይህን አልዘነጉትም፤ ወላጅ ልዩ ኃላፊነት የሚኖርበት ኃላፊነቱን ወድዶ ሲቀበል ነው ብለው ይመልሳሉ። መልሱ አያጠግብም። በአባትነት ክርክር የተቀመጠ ዳኛ «ልጁ የማን ነው?» ይላል እንጂ «ፈልገኸው ነበርን?» አይልም። ዝምድና በፈቃድ ብቻ የሚጸና ቢሆን ኖሮ፥ ልጁን የካደ አባት ሁሉ ነፃ በወጣ ነበር።

ሆኖም በዚህ ነገሩ ተፈታ ያሉ ተማሪዎቼ ቸኩለዋል። ዳኛው ከአባት የሚጠይቀው ስሙንና ቀለቡን ነው፤ ኩላሊቱን አይደለም። ልጁ ሊሞት ሲል አካሉን የነፈገ አባት ይነቀፋል፥ ሰውም ይሸሸዋል፤ ነገር ግን አስሮ ቢላዋ የሚያነሣበት የለም። ታዲያ ከአባት በግድ የማይወሰደው ከእናት ስለ ምን ይወሰዳል? አለመስጠትና መግደል ልዩ ልዩ ነው የሚለው መልስ ከሁሉ የበረታ ይመስለኛል፤ ፅንስ የሚወርድበት መንገድም ብዙ ጊዜ ቱቦ ነቅሎ መሄድን አይመስልም። ጸሐፊዋ በዚህ ላይ በቂ ጊዜ አልሰጡም። ስለ ራሳቸው ወሰን ግን ቅኖች ናቸው፤ ወደ ውጭ አገር የምታደርገው ጉዞ እንዳይዘገይባት ብላ በ7ኛው ወር ለማስወረድ የምትሻን ሴት እርሳቸውም ይነቅፋሉ።

የተጠለፈው ሰው ምሳሌ በቀጥታ የሚገጥመው ለተደፈረች ሴት ነው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የአገራችን የወንጀል ሕግም በዚህ ምክንያት የመጣን እርግዝና ማቋረጥን ፈቅዶ፥ ለማስረጃ የሴትዮዋን ቃል ብቻ በቂ ያደርጋል። ከዚህም አልፎ በዕድሜዋ ለጋነት ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት የሚወለደውን ለማሳደግ ላልበቃች ይፈቅዳል። በዚህ አንቀጽ የሕጉ ምክንያት ከአካል መብት ይልቅ ሕፃኑን የሚያሳድገው ማን ነው የሚል ነው፤ ይህም ከዚያ ተማሪ ጥያቄ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፥ የቫዮሊኑ ምሳሌ ከ9ኛው ወር በኋላ ስላለው ነገር የሚለው የለም።