መቃና ወይራ፦ ስለ ብዕር አቀራረጽ

ቁም ጽሕፈትን፣ ማለትም በብራና ላይ ፊደልን በእጅ የመጻፍን ሙያ፣ ለመማር የሚመጡ ወጣቶች በዚህ ዘመን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባና ዋንዛ በሚበቅሉበት አገር ጸሐፊው ስለ ምን ከእነዚህ ብርቅ እንጨቶች በአንዱ ብዕሩን አስውቦ አይሠራም፣ ከወንዝ ዳር በሚቆረጥ ርካሽ መቃ ላይስ ምን አጣበቀው የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ “የአባቶች ሥርዓት ስለሆነ ነው” ብሎ መመለስ የተለመደ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለው መልስ ሥርዓቱን ያከብርና ምክንያቱን ይሸሽጋል። መቃ የተመረጠው በድህነት ወይም በልማድ ሳይሆን የጽሕፈቱን ሥራ ከወይራ አብልጦ ስለሚሠራ ነው፤ ይህንንም ካራ ይዞ ሁለቱንም የቀረጸ ሰው በእጁ ያውቀዋል።

ጥያቄው የሚመነጨው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተስፋፋው፣ ብዕርን በቶርኖ ከመሥራት ጥበብ ነው። ቶርኖ እንጨትን እያሽከረከረ ስለት ሲጠጋው ክብ አድርጎ የሚቀርጽ መሣሪያ ሲሆን፣ በዚህ ስልት አንድ ጉማጅ እንጨት መካከሉ ይበሳል፣ በቀዳዳው የናስ ቱቦ በማጣበቂያ ይገባል፣ ጉማጁም በቶርኖው ላይ ታስሮ ውፍረቱ እስኪስተካከል ከተላገ በኋላ ከሻካራ ወደ ልዝብ በሚሄድ ብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ በሰም ወይም በቫርኒሽ ይወለወላል። ሥራው ትዕግሥትና የእጅ ብልሃት እንደሚጠይቅ መካድ አይገባም፤ የወይራ ሥር ጥቁርና ወርቃማ መስመሮቹ ሲወለወሉ የሚሰጡት ውበትም እውነተኛ ነው። ሆኖም እንዲህ ባለው ብዕር ወረቀቱን የሚነካው ከፋብሪካ የመጣው የብረት ጫፍ እንጂ እንጨቱ አይደለም፤ ስለዚህ የተሠራው የብዕር መያዣ ነው እንጂ ብዕር ነው ሊባል አይገባም።

የመቃው ነገር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት፤ ከሹም አቦም ሆነ ከሌላው የባሕር ዳር ሰፈር ወደ ጣና ዳር የሚወርድ እንግዳ፣ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል አይቶ የጸሐፊው ብዕር የሚቆረጠው ከዚህ ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ነገር ግን ደንገል ሦስት ማዕዘን ባለው ግንዱ ውስጥ ስፖንጅ የመሰለ ለስላሳ ልብ የተሞላ በመሆኑ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ስለት አይቀበልም። መቃ በአንጻሩ ክፍት ውስጥ፣ አንጓና ጠንካራ ቆዳ ያለው ነው፤ ቃጫዎቹ ከቆዳው ሥር ተጠጋግተው ወደ ቁመቱ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ቆዳውም በሲሊካ የጠነከረ ስለሆነ ስለቱን ይዞ ይቆያል፤ ከዚህም ጋር ተጭነው ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህም ነው የክላርኔትና የኦቦ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ምላስ በደቡብ ፈረንሳይ ከሚበቅል፣ የዚሁ ወገን ከሆነ ሸምበቆ የሚቆረጠው። ወይራ ግን ጭረቱ የተጠማዘዘና የተቆላለፈ በመሆኑ፣ ስስ አድርገው ሲሰነጥቁት ስንጥቁ እጅ ወደፈለገው ሳይሆን ጭረቱ ወደመራው ይሄዳል።

የመቃ ብዕር ነገር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ስንጥቅ ላይ ነው፤ ስለዚህም ጉዳዩ በዝርዝር መነገር አለበት። ከሁለት አንጓ መካከል አንድ ስንዝር የሚያህል የበሰለና የደረቀ መቃ ከተቆረጠ በኋላ፣ አንዱ ጫፍ በረጅሙ ሰያፍ ተደርጎ ይላጣል፣ በውስጡ ያለው ነጭ ስስ ሽፋን ተፍቆ ይወጣል፣ ጎንና ጎኑም እኩል እየሳሳ ምላስ ይሆናል። ቀጥሎ የአንዱ እጅ አውራ ጣት ስንጥቁ እንዲቆምበት በሚፈለገው ቦታ ላይ ተጭኖ ይያዛል፤ የካራው ጫፍ በምላሱ መካከል ይገባና በጉልበት ሳይሆን በትንሽ ጥምዘዛ መቃው ራሱ እንዲከፈት ይደረጋል። ጣቱ በቦታው ከሌለ ስንጥቁ እስከ አንጓው ሮጦ ብዕሩን ያበላሸዋል፤ ስንጥቁ አጭር ከሆነም ቀለም አይወርድም። በመጨረሻ ምላሱ በቀንድ ወይም በጠንካራ እንጨት ላይ ተጋድሞ አፉ በአንድ ግፊት ይቆረጣል። ሁለተኛ ግፊት የነካው አፍ ሻካራ ይሆናል፣ ሻካራ አፍም ብራናውን ይቧጭራልና፣ እንዲህ የሆነ ብዕር ቢያሳዝንም እንደገና ከመላጥ በቀር መድኃኒት የለውም። ልምድ ያለው እጅ የተጠናቀቀውን ብዕር በቀለም ከመንከሩ በፊት በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ጫን አድርጎ ስንጥቁ ሲከፈትና ሲገጥም ያያል፤ እኩል ካልተከፈተ አንዱ ወገን ወፍሯል ማለት ነው።

ቀለሙም ከመቃው ጋር የሚስማማ ሆኖ የተሠራ ነው። ጥቁሩ ቀለም በመሠረቱ ጥላሸት ሲሆን፣ ከተቆላና ካረረ እህል ጋር ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተይዞ፣ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ ለአገልግሎት ይውላል። አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን የጻፉበት ከብረት ጨው የሚሠራው ቀለም ብዙ ጊዜ ገጹን እየበላ ሲጎዳ፣ የጥላሸት ቀለም ግን ብራናውን ሳይበላ በላዩ ተቀምጦ ይኖራል፤ ይሁን እንጂ በሙጫና በደቃቅ ጥላሸት የተሞላ ስለሆነ የዘመናዊውን ብዕር ጠባብ ቧንቧ በጥቂት ጊዜ ይደፍናል። መቃ ቀለሙን በምላሱ ጎድጓዳ ሆድ ይይዛል፣ ሲደርቅበትም በጨርቅ ይጠረጋል፤ ለጥቁርና ለቀይ ሁለት የተለያዩ ብዕሮች መያዙም የጸሐፊው የዕለት ሥርዓት ነው።

የግእዝ ፊደል መልክ ከዚህ ከአፉ አቆራረጥ የተለየ ነገር አይደለም። ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን የሚሆነው፣ ሰፊው አፍ ከመስመሩ ጋር አግድም ሆኖ ስለሚያዝ ነው፤ በጎንደር ዘመን የተስፋፋውን ጉልሕ የሚባለውን ትልቅ አጻጻፍ ለመጻፍ አፉ ሰፋ ይደረጋል፣ ረቂቁን ለመጻፍ ደግሞ ይጠባል። የአንድ መጽሐፍ ዓምድ በዝግታ ቢታይ፣ ፊደሉ ከመስመር ወደ መስመር እየወፈረና ጠርዙ እየደበዘዘ ሄዶ፣ በአንድ ቃል መካከል ድንገት ስል ሆኖ ሲመለስ የሚገኝበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ካራውን አንሥቶ ነበር። የክብራን ገብርኤልንና የሌሎችን የጣና ደሴቶች መጻሕፍት የመዘገበው የኤርንስት ሐመርሽሚት ካታሎግ የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት አሠራር የሚተርከው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1981 ታትመዋል፤ ተመራማሪዎች የገጹን መጠን፣ የዓምዱን ቁጥርና የፊደሉን ዘመን በጥንቃቄ እንደሚጽፉ ሁሉ፣ ካራው የተነሣባቸውን እነዚህን ቦታዎችም ቢቆጥሩ ስለ ጸሐፊው የሥራ ቀን ብዙ ይማሩ ነበር።

ውድ እንጨት በመጽሐፍ ሥራ ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ቦታው ገበታው ነው። ገበታ የብራናውን ጥራዝ ከፊትና ከኋላ የሚጠብቀው የእንጨት ሽፋን ሲሆን፣ ከወይራ ወይም ከዋንዛ ተጠርቦ በጠርዙ በኩል በተበሱ ቀዳዳዎች ክር እየገባበት ከጥራዙ ጋር ይሰፋል። ገበታው በዘመን ብዛት ሲሰነጠቅ የጥንቶቹ ሠራተኞች አይጥሉትም ነበር፤ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በስተው በጅማት ወይም በክር እንደ ልብስ ይሰፉታል፣ እንዲህ የተጠገኑ ገበታዎችም ዛሬ ድረስ አሉ። አንድ ትልቅ እንጨት መቆረጡ ካልቀረ፣ ለዘመናት መጽሐፍ ለሚጠብቅ ገበታ መዋሉ በአንድ ሰው ኪስ ለሚያብለጨልጭ መያዣ ከመዋሉ ይሻላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በጣና ዳርቻም የቀረው አገር በቀል ዛፍ በአብዛኛው በገዳማቱ ዙሪያና በበሬ ማረስ በተከለከለበት በዘጌ የተጠበቀው ነው።

በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ኅትመት እየሰፋ ሲሄድ የቁም ጸሐፊው እንጀራ እየጠበበ መጥቷል፤ ሙያውን የያዘ ሰው ግን ከክፍያው በላይ የሆነ ነገር ከእርሱ ያገኛል። ብዕሩን ራሱ የሚቀርጽ ሰው የእጁን ጠባይ በየቀኑ ያያል፤ በችኮላ የቀረጸ ዕለት ፊደሉ ያጋልጠዋል፣ በዝግታ የቀረጸ ዕለትም ገጹ ይታዘዝለታል፤ መሣሪያውም እያለቀ ስለሚሄድ የትናንቱ ብልሃት ለዛሬ አይተርፍም፣ ሁልጊዜም እንደገና መጀመር አለበት። በዚህ ሙያ የሸመገሉ ሰዎች የዓይናቸው ብርሃን ደክሞ መጻፍ ካቆሙ በኋላ እንኳ ለተማሪ ብዕር መቅረጽን የማይተዉት፣ ሥራው በጣታቸው ውስጥ ስለሚኖር ነው። ሌላው በቀረጸለት ብዕር ብቻ የሚጽፍ ተማሪ የፊደሉን ግማሽ አልተማረም።

ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ቦታ የእጅ ሥራን የሚያስተምሩ ሁሉ ለተማሪው ቶርኖውን ከማሳየታቸው በፊት አንድ ስል ካራና አንድ እስር መቃ ይስጡት፤ የሚቀርጸውንም በጥላሸት ቀለምና በቁራጭ ብራና ላይ ያስፈትኑት።